ደመወዝ እየተከፈለ የሚቀሰም ሙያ፦ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሥልጠና በጀርመን አገር

ሙያ በልምምድ የሚገኝ መሆኑ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና አናጢው ሙያቸውን የቀሰሙት ከጥቁር ሰሌዳ ሳይሆን ከባለሙያው ጎን ሆነው እያዩና እየሠሩ ነው። የኮምፒዩተር ሶፍትዌር ሥራ ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን የምናስበው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪን ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ በታሪክ ምን ያህል የተደገፈ እንደሆነ መመርመርና፣ በተለይም የጀርመን አገር ደመወዝ የሚከፈልበትን የሙያ ልምምድ ለዚህ አዲስ ሥራ እንዴት እንዳዋለችው ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ፕሮግራም አዘጋጅነት ራሱ የተወለደው በሥራ ቦታ እንጂ በትምህርት ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ ኤኒያክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ለሥራ እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ስድስት ሴቶች ቀድሞ በእጅ ስሌት የሚሠሩ የመንግሥት ተቀጣሪዎች ነበሩ። የመማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረ ሙያውን የተማሩት የመሣሪያውን ንድፍ እያጠኑና መሐንዲሶቹን እየጠየቁ ነው። ከዚያም በ1950ዎቹ ሴጅ ለተባለው የአየር መከላከያ ሥርዓት እጅግ ብዙ ፕሮግራም አዘጋጆች ባስፈለጉ ጊዜ፣ ሥራውን የያዘው ራንድ የተባለው ድርጅት፣ በኋላም በ1957 ከእርሱ ተለይቶ የቆመው ሲስተም ዴቨሎፕመንት ኮርፖሬሽን፣ ከልዩ ልዩ ሙያ የመጡ ሰዎችን በችሎታ ፈተና እየመረጠ፣ ደመወዝ እየከፈለ አሠለጠነ። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት መቀጠርና መማር አንድ ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ሁለት ጉድለቶች ነበሩት። አንደኛ፣ ሥልጠናው የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ በመሆኑ ሠልጣኙ በሌላ ቦታ የሚታወቅለት ማስረጃ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ምን ያህል መማር እንዳለበት የሚወስን ከድርጅቱ ውጭ የሆነ አካል አልነበረም። በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን በራሳቸው መንገድ ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የመጀመሪያ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ከፈተ። ነገር ግን በጥቅምት 1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ የተሰበሰቡት ሊቃውንት የተነጋገሩት ሶፍትዌር በጊዜው ስለማይደርስ፣ ከተመደበለት ወጪ ስለሚያልፍና ስሕተት ስለሚበዛበት ነበር። ሳይንሱ ቢያድግም ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ እጅ ገና አልተገኘም ነበር።

የጀርመን ድርሻ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞዋ ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው የሙያ ሥልጠና ሕግ የቆየውን የእደ ጥበብ ልምምድ በአገር አቀፍ ሕግ ሥር አደረገው። በሕጉ መሠረት ለማጁ ከአሠሪው ጋር የጽሑፍ ውል ይኖረዋል፤ ተገቢ የሆነ ክፍያ ያገኛል፤ ክፍያውም ሥልጠናው እየገፋ ሲሄድ ቢያንስ በየዓመቱ ማደግ አለበት። አሠሪው የሥልጠና መሣሪያዎችን በነጻ ያቀርባል፤ ለማጁንም ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ለሚሄድበት ጊዜ ከሥራ ይለቀዋል። በዚያው ዘመን ለመረጃ አቀናባሪ የንግድ ሠራተኞች የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ነክ የልምምድ ሙያ ተደነገገ። በ1970 ደግሞ ጉዳዩን በጥናት የሚከታተል የሙያ ሥልጠና ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ሆኖም የቴክኖሎጂው ለውጥ ሕጉን ቀደመው። በ1990ዎቹ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍላተ አገሩ በጋራ መክረው ከነሐሴ 1 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አራት አዳዲስ ሙያዎች በሥራ ላይ እንዲውሉ አደረጉ። ከእነዚህ አንዱ ፋኽኢንፎርማቲከር የሚባለው ሲሆን፣ በሁለት ዘርፍ ማለትም በፕሮግራም ዝግጅትና በሲስተም ቅንጅት ተከፈለ። የሥልጠናው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ለማጁ አብዛኛውን ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ በእውነተኛ ሥራ ላይ ያሳልፋል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አለዚያም ለተከታታይ ሳምንታት፣ ትምህርት ቤት ይገባል። የትምህርት ቤቱም ሥርዓተ ትምህርት በተለመዱት የትምህርት ዓይነቶች ፈንታ ከሥራው ተግባር በተወሰዱ የመማሪያ መስኮች ተደራጀ።

የፈተናው አሠራር ለመምህራን ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። በ1997ቱ ደንብ መሠረት የፕሮግራም ዝግጅት ለማጅ በድርጅቱ ውስጥ እስከ ሰባ ሰዓት የሚፈጅ እውነተኛ ሥራ አከናውኖ፣ ሥራውን በጽሑፍ አስፍሮ፣ በፈታኞች ፊት ያስረዳ ነበር። ፈታኞቹ አሠሪው ራሱ አይደሉም፤ የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤት የሚያቋቁመው ቦርድ ነው። በቦርዱም ውስጥ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች በእኩል ቁጥር ሲቀመጡ፣ ቢያንስ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር መኖር አለበት። በዚህም በሴጅ ዘመን የታየው ጉድለት ታረመ፤ ለማጁ የሚያገኘው ምስክር ወረቀት የአንድ ድርጅት ሳይሆን የአገር ሆነ። በ2020 ደንቡ ታድሶ የፋኽኢንፎርማቲከር ዘርፎች ወደ አራት ከፍ ብለዋል።

የክፍያውን ጉዳይ እንደ ችሮታ መመልከት ስሕተት ነው። ክፍያው ሁለት ሥራ ይሠራል። ለድሀ ቤተሰብ ልጅ ሦስት ዓመት ያለ ገቢ መቀመጥ የማይቻል ስለሆነ በሩን ይከፍትለታል። አሠሪውን ደግሞ ገንዘብ ያወጣበትን ልጅ በከንቱ እንዳያስቀምጠው፣ ጠቃሚ ሥራም እንዲያስተምረው ያስገድደዋል። ይሁን እንጂ ክፍያው በስምምነት ብቻ ሲወሰን እጅግ ዝቅ የሚልበት ቦታ ስለነበረ፣ ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛው የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ በሕግ በወር 515 ዩሮ እንዲሆን፣ በሁለተኛው ዓመት 18 በመቶ፣ በሦስተኛው 35 በመቶ እንዲጨመርበት ተደረገ።

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎኖችም መሸፈን የለባቸውም። የልምምድ ቦታ የሚሰጠው አሠሪው በመሆኑ ሥልጠናው ከገበያው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ2000 መንግሥት የባለሙያ እጥረቱን ለመሸፈን ከውጭ አገር እስከ 20,000 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር፤ ወዲያው ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ የልምምድ ቦታዎች ቀነሱ። ቦታ ለማብዛት ሲባልም አሠልጣኞች የማስተማር ብቃታቸውን በፈተና እንዲያረጋግጡ የሚያዝዘው ደንብ ከ2003 ጀምሮ ታገደ፤ በ2009 ግን ተመልሶ ጸና። ከዚህም የምንረዳው የሠልጣኝ ቁጥር ለመጨመር የአሠልጣኙን ብቃት መተው ዘላቂ መንገድ አለመሆኑን ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሕጉ የተወሰነ የትምህርት ደረጃ ባይጠይቅም ብዙ አሠሪዎች ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ምስክር ወረቀት ያላቸውን ይመርጣሉ። ሙያውን ከጀመሩት መካከል ስድስት ሴቶች ይገኙ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በጀርመን ለማጆች መካከል የሴቶች ቁጥር አነስተኛ ነው።

በአገራችን ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ (ዓ.ም.) ከጀርመን መንግሥት ጋር በመተባበር በተካሄደው የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን ከዚያ ልምድ ተካፍሏል። የትብብር ሥልጠናም በተቋምና በድርጅት መካከል ተዘርግቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ስለ ሙያ ልምምድ ውል ይደነግጋል። ነገር ግን በትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ በቅድሚያ የተቋሙ ተማሪ ነው፤ በጀርመን ሥርዓት ግን በቅድሚያ የድርጅቱ ባለ ውል ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ተማሪ ሆኖ ወደ ድርጅት የሚላክ ልጅ እንግዳ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ ውልና ክፍያ ያለው ግን ሥራ ይጠየቃል፣ ሥራም ይሰጠዋል።

እንግዲህ የዕቅድ ባለሙያዎች ሊያስቡበት የሚገባው ጥያቄ ስንት ወጣቶች ወደ ድርጅት ተላኩ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ውሉን ማን ፈረመ፣ ክፍያውን ማን ሸፈነ፣ ማን ፈተነ የሚለው ነው። መምህራንም በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራውን እውነተኛ ሥራ ወደ ክፍል አምጥተው የሚያስተምሩ፣ በፈተናውም ቦርድ ተቀምጠው ድምፅ የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ የሥልጠናው ተመልካች ሳይሆን ባለቤት ይሆናል።