የዲፕ ብሉ አድማስ
የቼስ ኮምፒውተር ቁም ሣጥን፣ አይ ቢ ኤም፣ እ.ኤ.አ. 1997

ይህ ጥቁር ቁም ሣጥን የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 ኒው ዮርክ ላይ 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው ማሽን ግማሽ አካል ነው። ዲፕ ብሉ 480 የቼስ ቺፖች ነበሩት፤ በሰከንድ እስከ 200 ሚሊዮን የሚደርሱ አሰላለፎችን ይመረምር ነበር። ድሉን ለፍጥነቱ ብቻ መስጠት ግን ስሕተት ነው። በአንድ አሰላለፍ 35 ያህል ሕጋዊ እርምጃዎች ስላሉ አንድ እርምጃ አርቆ ማየት ሥራውን በብዙ እጥፍ ያበዛዋል፤ ስለዚህ ፍለጋው የግድ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ንግሥቲቱ ወታደር በበላችበት ቅጽበት ከቆመ ፕሮግራሙ ትርፍ ይቆጥራል፤ በቀጣዩ እርምጃ እሷው እንደምትበላ አያይም። ይባስ ብሎ የማይቀርለትን ኪሳራ ለማዘግየት ወታደሮቹን በከንቱ ይገብራል፤ ጉዳቱ ከዓይኑ ሲሰወር የዳነ ይመስለዋል። ሃንስ በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን ጉድለት በአድማስ ሰየመው።

«ፈጣን ማሽን ይፈታዋል» የሚል ይኖራል። ፍጥነት ግን አድማሱን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም። «ሁሉም መስመር እኩል ይርዘም» ማለትም ያንኑ የሥራ ብዛት መልሶ መጥራት ነው። የዲፕ ብሉ መልስ መምረጥ ነበር፦ መበላላቱ ጋብ ሳይል ውጤት አለመቁጠር፣ ንጉሥ ሲጠቃ ወይም አንድ እርምጃ ብቻ አዋጭ ሲሆን ደግሞ ያንን መስመር ማስረዘም። የማሽኑ ብልሃት የት መቆም እንደሌለበት ማወቁ ነበር።