መኪና ገዢና ቤንዚን ቀጂ

በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በዕቃ ዋጋና ጥራት ጉዳይ ቃሉ የሚታመነው «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» መጽሔት፣ ሃይብሪድ (የቤንዚንና የኤሌክትሪክ ሞተር ያጣመረ) መኪና ለመግዛት ያሰበውን ሁሉ የሚያስደነግጥ ሂሳብ ይዞ ወጣ። ስድስት ሃይብሪዶችን በቤንዚን ብቻ ከሚሄዱ አቻዎቻቸው ጋር አስተያይቶ፣ በአምስት ዓመትና በ75,000 ማይል ውስጥ አንዳቸውም ሲገዙ የተጨመረባቸውን ዋጋ አይመልሱም አለ። ብዙም ሳይቆይ መጽሔቱ ራሱ እርማት አወጣ። ለካ ሃይብሪዶቹ ሲያረጁ ከዋጋቸው የሚያጡትን ገንዘብ አጋንኖ ቆጥሮት ኖሯል። ሂሳቡ ሲታረም ቶዮታ ፕሪየስና ሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ፣ የመንግሥት የታክስ ቅናሽ ታክሎበት፣ ባለቤታቸውን በጥቂት መቶ ዶላር አተረፉ። አራቱ እንደከሰሩ ቀሩ።

እንዲህ ያለ ልምድ ያለው መጽሔት መሳሳቱ ብዙ አያስገርምም። የቤንዚን ዋጋ፣ የመኪናው መሸጫ፣ የታክስ ቅናሹ፣ በዓመት የሚነዳው ርቀት፣ አንዱ በተነካ ቁጥር ድምሩ ይገለበጣል። በዚያው በ2006 መጀመሪያ ፕሪየስ የገዛ ሰው 3,150 ዶላር ከታክሱ ይቀነስለት ነበር። አንድ ኩባንያ 60,000 ሃይብሪድ ከሸጠ በኋላ ቅናሹ እየተመናመነ እንዲያልቅ ሕጉ ያዝዝ ስለነበር፣ ከኦክቶበር 2007 ወዲህ ያንኑ መኪና የገዛው ምንም አላገኘም። በ2008 ደግሞ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የፍጆታ መለኪያውን አጠበቀና፣ ፕሪየስ በከተማ ውስጥ በአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ይሄዳል የተባለው ርቀት ከ60 ማይል ወደ 48 ወረደ። መኪናው ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን በሂሳቡ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ጥያቄ አለ፦ መኪናውን የሚገዛውና ቤንዚኑን የሚቀዳው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?

መልሱን ከማየታችን በፊት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ሁለት ዓይነት ሞተር ያጣመረ መኪና ከፕሪየስ ብዙ ይቀድማል። በ1916 የቺካጎው ዉድስ ኩባንያ «ዱዋል ፓወር» የተባለ፣ ትንሽ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው መኪና በ2,650 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት የፎርድ ሞዴል ቲ ከ500 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር፤ በልዩነቱ ብቻ አራት ሞዴል ቲ ይገዛል። ቤንዚን እንደልብ በሚገኝበት አገር ይህን ልዩነት የሚመልስ ቁጠባ ከየትም አይመጣም። የዉድስ መኪና ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደራሲው ኸርማን ዎክ ወንድም፣ መሐንዲሱ ቪክቶር ዎክ፣ ከባልደረባው ቻርልስ ሮዘን ጋር ሆኖ አንድ የ1972 ቢዩክ ስካይላርክ ወደ ሃይብሪድ ለወጠ። ሥራው ንጹህ መኪና ለማበረታታት ለወጣ የፌዴራል ፕሮግራም የቀረበ ነበር። የነዳጅ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ቢወርድም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አልተቀበለውም። በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች ማዕቀብ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይትን ዋጋ ከ3 ዶላር ወደ 12 ዶላር ገደማ ሲያወጣው፣ ነዳጅ የሚቆጥበው ቢዩክ በተግባር ነበር፤ ገዢው ነው የጠፋው።

ቶዮታ በ1993 «ጂ21» ብሎ የጀመረው ፕሮጀክት በመጀመሪያ የታሰበለት ፍጆታን በአንድ ተኩል እጥፍ ለማሻሻል ነበር። አለቆቹ እጥፍ ይሁን አሉ። በ1995 መጨረሻ የተሠራው የመጀመሪያ ናሙና 49 ቀን ሙሉ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ያም ሆኖ በዋና መሐንዲሱ በታኬሺ ኡቺያማዳ መሪነት ፕሪየስ በዲሴምበር 1997 ጃፓን ውስጥ በ2.15 ሚሊዮን የን መሸጥ ጀመረ። ኩባንያው ከወጪው በታች እንደሚሸጠው በሰፊው ይነገር ነበር፤ እውነት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የሃይብሪድን ትክክለኛ ዋጋ ከፍለው አያውቁም። አሜሪካ ውስጥ የሆንዳ ኢንሳይት በ1999 መጨረሻ፣ ፕሪየስ በ2000 በ19,995 ዶላር ሲገቡ፣ የገዟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቴክኖሎጂ ወዳዶችና ለአየሩ የሚቆረቆሩ ነበሩ። ትርፍና ኪሳራውን በየቀኑ በኪሳቸው የሚለኩት ባለ ታክሲዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ።

ኒውዮርክ ውስጥ ቢጫ ታክሲ የሚነዳው ሰው ያኔ በአብዛኛው የመኪናው ባለቤት አልነበረም። ባለ ጋራዡ መኪናውን ይገዛና በ12 ሰዓት ፈረቃ ያከራይ ነበር። ሹፌሩ ኪራዩን ከፍሎ ይወጣና ሲመለስ ታንኩን ሞልቶ ያስረክብ ነበር። እናም ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ በአንድ ጋሎን 14 ማይል ገደማ ብቻ መሄዱ ባለ ጋራዡን እንቅልፍ አይነሳውም ነበር። እሱ የሚያየው ሻንሲው ጠንካራ መሆኑን፣ ቢጋጭ ቶሎ መጠገኑን፣ መለዋወጫው በየመንደሩ መገኘቱን ነበር።

ሹፌሩ የሚያየው ሌላ ነበር። በፈረቃው 120 ማይል ነዳ እንበል። በክራውን ቪክቶሪያ ስምንት ጋሎን ተኩል ያህል ያቃጥላል፤ በሃይብሪዱ ፎርድ ኢስኬፕ ግን አራት ጋሎን አይሞላም። ጋሎኑ 4 ዶላር በሆነ ጊዜ ልዩነቱ በፈረቃ 20 ዶላር ገደማ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ በዓመት 6,000 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ይህን ገንዘብ የሚያድነው መኪና የሚገዛው ግን በሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከቁጠባው አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም።

በሜይ 2007 ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ከ13,000 የሚበልጡት ቢጫ ታክሲዎች በሙሉ እስከ 2012 ሃይብሪድ እንዲሆኑ ዕቅድ አወጡ። ባለ ጋራዦቹ ከሰሱ። ሃይብሪዶቹ ለታክሲ ሥራ የተሠሩ አይደሉም፣ ለተሳፋሪም ያሰጋሉ የሚል መከራከሪያ ነበራቸው፤ ያሸነፉበት ግን በሌላ ነጥብ ነው። በኦክቶበር 2008 የፌዴራሉ ዳኛ ፖል ክሮቲ የነዳጅ ፍጆታ መስፈርት የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ብቻ ነው ብለው ደንቡን አገዱ።

ከተማዋ ስልት ለወጠች። መኪናውን ከማዘዝ ኪራዩን መንካት መረጠች፦ የክራውን ቪክቶሪያ የኪራይ ጣሪያ በፈረቃ በደረጃ እስከ 12 ዶላር ይውረድ፣ የሃይብሪዱ በ3 ዶላር ይውጣ። በዚህ ጉዳይ ከወጡት ሐሳቦች ሁሉ ብልሁ ይሄ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሹፌሩ በቤንዚን ያዳነውን ከፊሉን ለባለ መኪናው አሻግሮ ሁለቱን ኪስ ያገናኛል። በ2009 እሱም ታገደ፤ በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አጸና። ይሁን እንጂ ሃይብሪዶቹ መግባታቸውን አላቆሙም። ክራውን ቪክቶሪያ ራሱ በሴፕቴምበር 2011 መመረቱ አበቃ።

ዋሽንግተን ዲሲ የዚህ ተቃራኒ ናት። እዚያ እንደ ኒውዮርክ በቁጥር የተገደበና በውድ የሚሸጥ የታክሲ ፈቃድ ሳይኖር ኖሯል፤ ብዙው ሹፌር የራሱን መኪና የሚነዳ ነው። ከሹፌሮቹ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከፍተኛውን ድርሻ ከያዙት መካከል ናቸው። መኪናውን የገዛው እጅ ቤንዚኑንም ይቀዳል፤ ስለዚህ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በየሰው ጓዳ ያልቃል።

እዚያ ሌላም ነገር ሂሳቡን ለውጦታል። ከተማዋ እስከ 2008 ድረስ ታክሲ የምታስከፍለው በቀጠና ነበር፤ ተሳፋሪው ስንት ቀጠና እንዳቋረጠ እንጂ መንገድ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆመ አይቆጠርም። መንገድ ሲዘጋ ሹፌሩ በነጻ ቤንዚን ያቃጥላል ማለት ነው። ሜትር የግድ የሆነው በ2008 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጁላይ የቤንዚን አማካይ ዋጋ በመላው አሜሪካ በጋሎን 4.11 ዶላር ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሃይብሪድ ደግሞ ጠባዩ መንገድ ሲዘጋ ነው የሚታየው። ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሲነሳ በኤሌክትሪክ ይነሳል። መሐል ከተማ ሲርመሰመስ ለሚውል ታክሲ ትርፍ ነው። ወደ ደለስ አየር ማረፊያ በአውራ ጎዳና ለሚመላለሰው ግን ጥቅሙ ያንሳል።

የቀረው ፍርሃት የባትሪው ነበር። «ሲሞት መኪናውን ይዞ ይሞታል» የሚለው ስጋት ብዙ ገዢ መልሷል። መልሱ የመጣው ከታክሲዎች ነው። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ባለ ታክሲ የመጀመሪያውን ትውልድ ፕሪየስ በ25 ወር ከ200,000 ማይል በላይ ነዳውና ቶዮታ መኪናውን ፈታቶ ሊመረምር መልሶ ገዛው። በ2011 ደግሞ ያው «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» 206,000 ማይል የሄደ የ2002 ፕሪየስ ፈተነ። ከአሥር ዓመት በፊት አዲስ ሆኖ የተፈተነው መሳዩ በጋሎን 40.6 ማይል ሄዶ ነበር፤ አሮጌው 40.4 ሄደ። አዲስ ባትሪ ከወኪል ቢገዛ በወቅቱ ከ2,200 እስከ 2,600 ዶላር ነበር።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ሂሳብ ግን ሁሉም ለሃይብሪድ አያደላም። ሞተሪኖና ዲናሞ ለብቻቸው የሉትም፤ የፍሬን ሸራው ብዙ ይቆያል፤ በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ቺንጋ እንኳ የለም። ይኸው ሦስተኛ ትውልድ ነው ታዲያ የጭስ መመለሻው በጥላሸት እየተደፈነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን በማቃጠል ስም ያተረፈው። በ2014 ቶዮታ 1.9 ሚሊዮን ያህሉን በኢንቨርተር ችግር ለጥገና ጠርቷል። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ቀዳዳ ነው፤ ተሳፋሪ ካፖርቱን ሲጥልባት ወይም አቧራ ሲደፍናት ባትሪው ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ይበላል። ሌባም አለ። ከጭስ ማውጫው ሥር ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለበት፣ የብረቶቹ ዋጋ ባሻቀበበት ከ2019 በኋላ ባለው ጊዜ የፕሪየስ ባለቤቶች ጧት መኪናቸውን ሲያስነሱ እንደ ትራክተር ይጮኽባቸው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ ጠቧል። የ2024 ካምሪ ኤልኢ በቤንዚን ብቻ የሚሄደው በጋሎን 32 ማይል፣ ሃይብሪዱ 52 ማይል ይሄዳል፤ በዋጋ የሚለያዩት በ2,400 ዶላር ገደማ ነበር። ጋሎኑ በ3.50 ዶላር ሲሰላ በዓመት 15,000 ማይል የሚነዳ ሰው 630 ዶላር ያህል ይቆጥባል፤ ልዩነቱን ለመመለስ አራት ዓመት ይጠጋዋል። በዓመት 50,000 ማይል የሚነዳ ባለ ታክሲ ግን 2,100 ዶላር ይቆጥባል፤ በ14 ወር ይመልሳል። በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስ እናት ልጇ ሃይብሪድ ቢገዛላት የሚከስረው ልጁ ነው።

ይህ ንጽጽር በካምሪ ላይ የሚሠራው እስከ 2024 ሞዴል ብቻ ነው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ካምሪን በሃይብሪድ ብቻ ይሸጣል፤ በ2026 ሞዴል ራቭፎር ተከትሎታል። ኒውዮርክም በ2023 ባወጣችው ደንብ፣ በኡበርና በሊፍት የሚጠሩ መኪናዎች ጉዞ በሙሉ እስከ 2030 በኤሌክትሪክ መኪና ወይም ተሽከርካሪ ወንበር በሚያስገባ መኪና እንዲሆን ወስናለች። በነዚህ መተግበሪያዎች ብዙው ሹፌር የመኪናውን ዕዳም የቻርጁንም ሂሳብ የሚከፍለው ራሱ ነው።