የባለሀብት ቪዛና የክልል መንግሥታት ድጋፍ

የባለሀብት ቪዛ ማለት አንድ የውጭ አገር ዜጋ በሌላ አገር ካፒታሉን ሥራ ላይ ለማዋል ወይም ድርጅት ለማቋቋም እንዲገባና እንዲቆይ የሚፈቅድ የመግቢያ ፈቃድ ነው። በአንዳንድ ፌዴራላዊ አገሮች ይህን ፈቃድ ለማግኘት ከማዕከላዊው መንግሥት ይሁንታ በፊት የአንድ ክልል መንግሥት ድጋፍ (ስፖንሰርነት) ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ግን ቪዛ የመስጠት ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የፌዴራል መንግሥት ነው። ክልሎች ቪዛ አይሰጡም፤ ለቪዛም ስፖንሰር አይሆኑም። ሆኖም መሬት የሚያስተዳድሩት እነርሱ በመሆናቸው ቪዛው ተገኝቶ ፕሮጀክቱ ሥራ ላይ የሚውልበት ወይም የሚቀርበት ደረጃ በአብዛኛው በክልል፣ በዞንና በወረዳ እጅ ነው።

ይህ መጣጥፍ በኢትዮጵያ ያለውን የሥልጣን ክፍፍል፣ የካፒታል መጠኑን፣ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠውን የተለየ መንገድ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጉዳዩ የሚያልፍባቸውን መሥሪያ ቤቶችና የሌሎች አገሮችን አሠራር ይመለከታል።

ሕገ መንግሥታዊ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን በሁለት ይከፍላል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 18 የኢሚግሬሽንና የፓስፖርት ጉዳዮችን፣ ወደ አገር መግባትንና መውጣትን፣ እንዲሁም የስደተኞችን ጉዳይ ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 ፊደል (መ) ደግሞ ክልሎች የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለሀብቱ መሬት አይገዛም። የሚያገኘው በሊዝ ወይም በኪራይ ነው።

የዚህ ክፍፍል ውጤት አንድ ባለሀብት ከሁለት መንግሥታት ጋር በአንድ ጊዜ መሥራት አለበት ማለት ነው። ወደ አገር የሚያስገባው ወረቀት ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ፋብሪካውን የሚተክልበት ቦታ ግን ከክልሉ ነው።

የሕጉ ታሪክ

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የመጀመሪያው የኢንቨስትመንት ሕግ አዋጅ ቁጥር 15/1984 ነው። እሱን ተከትለው አዋጅ ቁጥር 37/1988፣ ቁጥር 280/1994 እና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ቁጥር 769 በየተራ ወጥተዋል። አሁን የሚሠራበት የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ሲሆን ማስፈጸሚያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 474/2012 ነው።

የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድን የሚመለከተው ሕግ የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ነው። ይህን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይባላል። በኢንተርኔት ቪዛ መስጠት የተጀመረው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለቱሪስቶች ሲሆን በኋላ ወደ ሌሎች የቪዛ ዓይነቶች ሰፍቷል። በዚህ ሥርዓት የኢንቨስትመንት ቪዛ «አይቪ» በሚል መለያ፣ የተቀጣሪ የውጭ ዜጋ የሥራ ቪዛ ደግሞ «ደብሊውቪ» በሚል መለያ ይታወቃሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተጋብዞ ለአጭር ጊዜ ሥራ ለሚመጣ ሰው የተለየ መለያ አለ።

ዝቅተኛ የካፒታል መጠን

አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ሊመድበው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል በአሜሪካ ዶላር ይወስናል፦

- ብቻውን ለሚሠራ የውጭ ባለሀብት፦ 200,000 ዶላር
- ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ ለሚሠራ፦ 150,000 ዶላር
- በሥነ ሕንፃ፣ በምህንድስና ወይም ከነዚህ ጋር በተያያዘ የቴክኒክ ማማከር፣ በቴክኒክ ፍተሻና ትንተና ወይም በኅትመት ሥራ ብቻውን ለሚሰማራ፦ 100,000 ዶላር
- በነዚሁ ሥራዎች ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ለሚሰማራ፦ 50,000 ዶላር

ቀድሞ ከጀመረው ኢንቨስትመንት ያገኘውን ትርፍ መልሶ ሥራ ላይ የሚያውል የውጭ ባለሀብት ይህን መጠን እንዲያሟላ አይገደድም። መጠኑ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። በአዲስ አበባ ለሚሠራና በገጠር ወረዳ ለሚሠራ ባለሀብት ልዩነት የለውም፤ ክልልም ዝቅ ሊያደርገው ወይም ከፍ ሊያደርገው አይችልም።

ሕጉ ባለሀብትን ከማዕከል ወደ ራቁ አካባቢዎች ለመሳብ የተጠቀመው በቪዛ ሳይሆን በግብር ነው። በደንብ ቁጥር 270/2005 መሠረት በጋምቤላ፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌ፣ በአብዛኛው አፋርና በሌሎች የተዘረዘሩ አካባቢዎች ለሚሠራ ባለሀብት፣ ከግብር ነጻ የሆነበት ጊዜ ካለቀ በኋላ ለተከታታይ ሦስት ዓመታት የገቢ ግብር 30 በመቶ ቅናሽ ተፈቅዶ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ከቪዛ እስከ መኖሪያ ፈቃድ

የኢንቨስትመንት ቪዛ ብቻውን የመሥራት መብት አይሰጥም። ባለሀብቱ ገብቶ ሁኔታውን እንዲያጠናና ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስችል የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ይመዘገባል፤ ካፒታሉ በባንክ በኩል ወደ አገር መግባቱ ይረጋገጣል፤ የኢንቨስትመንት ፈቃድ ይወጣል። የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ሙሉ በሙሉ በውጭ ዜጎች የተያዘ ወይም ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር የተቀናጀ ኢንቨስትመንት ፈቃዱን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በአንድ መስኮት አገልግሎቱ የንግድ ምዝገባን፣ የሥራ ፈቃድንና የኢሚግሬሽን አገልግሎትን በአንድ ቦታ ያቀርባል። የክልል የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤቶች በዋናነት የአገር ውስጥ ባለሀብቶችን ያስተናግዳሉ።

ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያዎችን ማስመጣት ይችላል፤ ሆኖም ሕጉ ኢትዮጵያውያንን በማሠልጠን በሂደት እንዲተካቸው ያስገድደዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ የሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ መታየት አለበት።

የክልሎች ድርሻ

ክልሎች ስፖንሰር ባይሆኑም አራት ዋና ዋና ተግባራት አሏቸው።

የመጀመሪያው መሬት ነው። በከተማ የሚሰጥ መሬት በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሚመራ ሲሆን የገጠሩ መሬት በፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 እና በየክልሉ አዋጅ ይመራል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጁ ቁጥር 252/2009 ነው።

ሁለተኛው ካሣ ነው። ለፕሮጀክት የሚፈለገው መሬት የአርሶ አደር ይዞታ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለባለይዞታው ካሣ መከፈል አለበት፤ ተነሺዎች ኑሯቸውን መልሰው የሚያቋቁሙበትም ሁኔታ መመቻቸት ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት አንድ የፌዴራል የኢንቨስትመንት ፈቃድ በቦታው ላይ ያለን ይዞታ በራሱ አያስለቅቅም።

ሦስተኛው መሠረተ ልማት ማቅረብና የአካባቢ ተጽዕኖ ጉዳዮችን መከታተል ነው። አራተኛው ክትትል ነው፤ መሬት ወስዶ ሥራ ያልጀመረ ባለሀብት ውሉ ሊቋረጥ ይችላል።

በሁለቱ የመንግሥት እርከኖች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ለማጥበብ አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የፌዴራል መንግሥትና የክልል መስተዳድሮች የኢንቨስትመንት ምክር ቤት እንዲቋቋም ደንግጓል።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ በአሜሪካ ወይም በአውስትራሊያ ዜግነት ያገኘ የጎጃም ተወላጅ በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው።

ይህን ለማቃለል አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወጥቷል። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። መታወቂያው ያለው ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመቀጠርም የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ባለሀብት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን መምረጥ ይችላል። ይህን ከመረጠ ዝቅተኛው የዶላር ካፒታል አይመለከተውም፤ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ በተከለሉ ዘርፎችም መሰማራት ይችላል። በሌላ በኩል ትርፍን፣ የአክሲዮን ድርሻንና የሽያጭ ገንዘብን በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የማዛወር መብትን አዋጁ የሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። ስለዚህ ምርጫው ዞሮ ዞሮ ገንዘቡን መልሶ የማውጣት ፍላጎት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ያርፋል።

በምሥራቅ ጎጃም

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በጤፍ አምራችነቱ የታወቀ ነው። የዞኑ መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነው።

በዚህ አካባቢ የአንድ ባለሀብት ጉዳይ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በደብረ ማርቆስ በሚገኘው የዞን መምሪያና በባሕር ዳር በሚገኘው የአማራ ክልል ኢንዱስትሪና ኢንቨስትመንት ቢሮ በኩል ያልፋል። የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ኮሚሽን ይጨመራል።

ለምሳሌ የአሜሪካ ዜግነት ያለው አንድ የደብረ ወርቅ ተወላጅ በከተማው የዱቄት ፋብሪካ መትከል ቢፈልግ ሦስት መንገዶች አሉት። እንደ ውጭ ባለሀብት ብቻውን ከገባ 200,000 ዶላር ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱንም ከፌዴራሉ ኮሚሽን ያወጣል። አገር ቤት ካለ ዘመዱ ወይም ከሌላ ኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ከሠራ መጠኑ ወደ 150,000 ይወርዳል። ቢጫ ካርድ አውጥቶ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን ከመረጠ ደግሞ የቪዛም የዶላር መጠንም ጥያቄ ይቀርና ጉዳዩ በዋናነት የክልሉ ይሆናል። በሦስቱም መንገዶች ግን መሬቱን የሚጠይቀው ከዚያው ከክልሉ አስተዳደር ነው።

መሬትን በተናጠል ከመጠየቅ ሌላ በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መግባትም ይቻላል። በአማራ ክልል በኮምቦልቻ፣ በደብረ ብርሃንና በባሕር ዳር የፌዴራል ፓርኮች፣ በምዕራብ ጎጃም ቡሬ ደግሞ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተገንብተዋል። ይህ ዘርፍ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ይመራል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተስፋፋው የትጥቅ ግጭትና በሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንቅስቃሴን ስለገደቡ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ፕሮጀክትን ለማስጀመር በቂ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

በሌሎች አገሮች

የክልል ስፖንሰርነት በግልጽ ከታየባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነበረው አሠራር አንድ ነጋዴ ያለ ክልል ድጋፍ ለማመልከት ዓመታዊ ሽያጩ ቢያንስ 500,000 የአውስትራሊያ ዶላር መሆን ሲኖርበት በክልል መንግሥት ስፖንሰርነት ሲያመለክት 300,000 ይበቃው ነበር። ክልሉ መስፈርቱ ዝቅ እንዲል ሲያደርግ ነጋዴው በዚያው ክልል እንዲሠራ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ በንዑስ ክፍል 188 ቪዛ ተተካ። በዚህ መርሐ ግብር ከፍተኛ ባለሀብት ለሚባለው ዘርፍ 5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይጠየቅ ነበር። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 ተዘግቷል።

በካናዳ አውራጃዎች እጩዎችን ለፌዴራሉ መንግሥት ያቀርባሉ። ብሪትሽ ኮሎምቢያ ለመደበኛው የሥራ ፈጣሪዎች ዘርፍ 600,000 የካናዳ ዶላር የተጣራ ሀብትና 200,000 ኢንቨስትመንት ስትጠይቅ፣ ለትናንሽ ከተሞች ባዘጋጀችው ዘርፍ ሁለቱንም በግማሽ ቀንሳለች። አመልካቹ ከአውራጃዋ ጋር ውል ይፈርማል፤ ለቋሚ ነዋሪነት የሚታጨውም ውሉን ሲፈጽም ነው።

በአሜሪካ የኢቢ-5 ቪዛ የሚሰጠው በፌዴራሉ መንግሥት ብቻ ነው። እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ግን ዝቅተኛው የገንዘብ መጠን የሚፈቀድባቸውን ሥራ አጥነት የበዛባቸው አካባቢዎች በመለየት የግዛት መንግሥታት ድርሻ ነበራቸው። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መጠኑ በተለዩ አካባቢዎች 800,000፣ በሌሎች 1,050,000 ዶላር ነው።

ንጽጽር

በአውስትራሊያና በካናዳ አሠራር ክልሉ በቪዛው ላይ ድምፅ ስላለው ባለሀብቱን ወደ ትናንሽ ከተሞች መምራት ይችላል፤ ባለሀብቱም ከመግባቱ በፊት የት እንደሚሠራ ያውቃል። በኢትዮጵያ ቪዛውና ፈቃዱ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሲያልቁ የመሬቱ ጥያቄ ገና በክልል ይጀመራል። የዚህ ጥቅሙ መስፈርቱ በመላ አገሪቱ አንድ መሆኑና ክልሎች በቪዛ ዋጋ እርስ በርስ አለመሻማታቸው ነው። ጉዳቱ ባለሀብቱ ፈቃድ ይዞ መሬት ሊያጣ መቻሉ፣ እንደ ደብረ ወርቅ ያሉ ከተሞችም ለሚፈልጉት ዘርፍ ዝቅተኛ መስፈርት አቅርበው ባለሀብት የሚስቡበት ሕጋዊ መንገድ የሌላቸው መሆኑ ነው።