ሁለት መዝሙረ ዳዊት በአንድ ዓመት

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰዱ ስንት ዝማሬዎች በቃላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ እንደምትሉ አልጠራጠርም። ከእነዚህ መካከል ምዕራፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበባችሁት ስንቱን ነው? እኔም ይህን ጥያቄ ለመመለስ ያፈርኩበት ጊዜ ስለነበረ ነው የምጠይቃችሁ።

ወደ ሮም ልውሰዳችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በዚያች ከተማ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን አላወቀውም፤ እንዲያውም ግዕዙን የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ነበር። ሰምቶ ግን አላለፈም። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ ኢትዮጵያዊ ዘንድ ቁጭ ብሎ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ዝማሬ የሰማ ጆሮ ሰውዬውን ወደ ንባብ መራው።

ለእነዚያ ተሳላሚዎች መዝሙረ ዳዊት የዕለት እንጀራ ነበር። በአገራችን የቀድሞ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልጅ ዳዊት ሲደርስ ቤተሰቡ ደስ ይለው ነበር። ዳዊት የሚደግሙ አያቶች ያሏችሁ ይህን ታውቃላችሁ።

በዚያው በ1513 ማርቲን ሉተር በዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መዝሙረ ዳዊትን ማስተማር ጀመረ። መነኩሴ ስለነበረ መዝሙራቱን በየሰዓቱ ጸሎት እየደጋገመ ያውቃቸዋል። ለተማሪዎቹ ግን በመስመሮቹ መካከልና በገጹ ዳር ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው የላቲን መዝሙረ ዳዊት አሳተመላቸው፤ እያነበቡ እንዲጽፉበት ነው። በራሱ እጅ ጽሑፍ የተሞላው የሉተር ቅጂ ቮልፈንቡተል በተባለች የጀርመን ከተማ ዛሬም ተጠብቆ ይገኛል። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ሉተር መዝሙራቱን ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲዘምራቸው ፈለገ። ወዳጆቹን በግጥም እንዲያዘጋጁ ለመነ፤ እርሱም ከጥልቅ የሚጮኸውን መዝሙር 130ን ወደ ጀርመንኛ ዝማሬ መለሰው።

መንገዳቸውን አያችሁት? ፖትከን ከዝማሬ ወደ ንባብ ሄደ፤ ሉተር ከንባብ ወደ ዝማሬ ተመለሰ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በመዘምራን ውስጥ ሳገለግል ከመዝሙር 42 የተወሰደ፣ ውኃ ስለተጠማችው ዋላ የሚናገር ዝማሬ ነበረን። ለዓመታት እጄን አንሥቼ ዘምሬዋለሁ፤ ጣፋጭ የናፍቆት መዝሙር ትመስለኝ ነበር። አባቴ ባረፈ ሰሞን ግን ዜማው አፌ ላይ ደረቀ። በአንድ ሌሊት ምዕራፉን ከፍቼ ሙሉውን አነበብኩት። ዘማሪው ቀንና ሌሊት እያለቀሰ ነው፤ ሰዎች አምላክህ ወዴት አለ እያሉት ነው፤ ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ እያለ ይጠይቃታል፤ ተስፋውም ከዚያ እንባ መካከል ነው የሚወጣው። እኔ የዘመርኩት አንዱን ስንኝ ብቻ ኖሯል። ለሐዘኔ የሚሆነው ቃል ከዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ የደስታ ስንኞችን ብቻ የምናውቅ ከሆነ የመከራ ቀን ሲመጣ ዝም እንላለን፤ ወይም ያላመንን ይመስለናል። መዝሙረ ዳዊት ግን ለሚያለቅስም፣ ለሚጠይቅም፣ ለሚናዘዝም ቃል አለው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከምትወዱት ዝማሬ ጀርባ ያለውን ምዕራፍ ፈልጉ። በጥሞና ጊዜያችሁ በደብተር ላይ፣ አንድ መስመር እየዘለላችሁ በእጃችሁ ገልብጡት። በባዶው መስመር የራሳችሁን ጸሎት ጻፉበት። እሑድ ስትዘምሩት ያ ሁሉ አብሯችሁ ይዘምራል።

ጸጋ ይብዛላችሁ።