የባርኮድ አንባቢዎችን ምስል ቀረጻ ማናበብ

በአንድ የሥራ መስመር ላይ የተተከሉ በርካታ የኢንዱስትሪ ባርኮድ አንባቢዎች እያንዳንዳቸው መቼ ምስል እንደሚያነሡ በጋራ ምልክት ወይም በጋራ ሰዓት የሚወሰንበት አሠራር ነው። ዋና ቦታው የእሽግ መለያ ማዕከል ነው። እዚያ እሽጉ በማጓጓዣ ቀበቶ ተጭኖ፣ ካሜራዎች በከበቡት ዋሻ መሰል መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። ባርኮዱ በየትኛው ገጽ ላይ እንደተለጠፈ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ከላይና ከየጎኑ ይነበባል፤ አንዳንዴም በሁለት ቀበቶዎች መካከል በተተወ ክፍተት ከሥር። በሱቅ ውስጥ ዕቃውን የሚያገላብጥ የሰው እጅ አለ፤ ከቀበቶው ላይ የለም።

ቀበቶው በሰከንድ 2 ሜትር ከተጓዘ እሽጉ በ1 ሚሊሰከንድ 2 ሚሊሜትር ይሄዳል። ካሜራው ብርሃን የሚቀበለው ለ100 ማይክሮሰከንድ ብቻ ከሆነ የምስሉ መደብዘዝ ከ0.2 ሚሊሜትር አያልፍም። የሰዓት ስሕተት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ አንባቢ ከሌላው በ50 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ልዩነቱ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እሽጎቹ ተቀራርበው ከመጡ የአንዱ ቁጥር ለተከታዩ ሊመዘገብ ይችላል። እሽጉ ሳይነበብ ቢቀር ለሠራተኛ ይተላለፋል። በተሳሳተ ቁጥር የሄደን እሽግ ግን ማንም ቆም ብሎ አያየውም፤ ስለዚህ የባሰው ጥፋት ይኸኛው ነው።

ቀላሉ መንገድ የእሽጉን መምጣት የሚያየውን የብርሃን ሴንሰር በሽቦ ከሁሉም አንባቢዎች ጋር ማገናኘት ነው። ቀበቶው ፍጥነቱን የሚቀያይር ከሆነ ደግሞ ጉዞውን የሚቆጥር ኢንኮደር ይጨመራል። በየሚሊሜትሩ አንድ ምት የሚሰጥ ከሆነ፣ ከሴንሰሩ 600 ሚሊሜትር ርቆ የተተከለ ካሜራ ከ600 ምት በኋላ ያነሣል፤ ቀበቶው በመሐል ቢቆም እንኳ ቆጠራው አይዛባም።

የማንሻው ትእዛዝ በሽቦ ፋንታ በኔትወርክ ሲላክ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው፣ በ2008 እና በ2019 የተሻሻለው አይትሪፕልኢ 1588 የተባለው የሰዓት ማስተካከያ ደንብ ነው። አንዱ መሣሪያ ዋና ሰዓት ይሆናል፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር መልእክት ተለዋውጠው የደርሶ መልሱን ጊዜ ለሁለት በመክፈል የራሳቸውን ሰዓት ያርማሉ። የጊዜው ማኅተም በኔትወርክ ካርዱ ላይ ከተመታ ልዩነቱ ከ1 ማይክሮሰከንድ በታች ሊወርድ ይችላል። ስሌቱ መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ እንደሚወስዱ ስለሚያስብ፣ እኩል ካልሆኑ ስሕተቱ የልዩነታቸው ግማሽ ነው። ሰዓቶቹ ከተስማሙ በኋላ ትእዛዙ «አሁን አንሣ» መሆኑ ቀርቶ «በዚህች ቅጽበት አንሣ» ይሆናል፤ ቀድሞ እስከደረሰ ድረስ የመልእክቱ መዘግየት ምንም አያጎድልም።

መናበብ ሁልጊዜ እኩል መተኮስ ማለት አይደለም። ፊት ለፊት የተተከሉ ሁለት አንባቢዎች በአንድ ቅጽበት ካበሩ የአንዱ ብልጭታ የሌላውን ሌንስ ሊያውር፣ በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክም ላይ ነጥሮ መስመሮቹን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛውን በ500 ማይክሮሰከንድ ማዘግየት ይበቃል፤ እሽጉ የሚሄደው 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መዘግየቱ በትክክል ከታወቀ ሶፍትዌሩ በስሌት ያካክሰዋል፤ ሁለት ካሜራዎች ያዩት ቁጥር የአንድ የባርኮድ ወረቀት ወይም የሁለት መሆኑንም በዚሁ ይለያል።

ስለዚህ በተከላ ጊዜ ርዝመቱ የታወቀ፣ በሁሉም ገጹ ባርኮድ የተለጠፈበት ሣጥን በዝግታም በሙሉ ፍጥነትም ይላካል፤ የየአንባቢው የቦታ ልኬትም ይነጻጸራል። በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ልኬቱ ከተለያየ የተረሳ መዘግየት አለ። የኢንኮደሩ ጎማ ቀበቶው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ግን የሰዓት ማስተካከያው አይረዳም፤ ሁሉም ካሜራዎች ተናበው በተሳሳተ ቦታ ያነሣሉ።