የመተማ እናቶች ሙያና ታሪካችን



የመተማ ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ጦርነት ነው። ከተማችንም መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ስም ነው። ከጦርነቱ በፊት ግን እዚህ ትልቅ ገበያ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ማርና ሰም ይወርድበት ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ተክሩሮችም ሰፍረውበታል። ጉሙዞች ደግሞ የዚህ ቆላ የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የድንበር ስምምነት ሲፈረም ገላባት በሱዳን በኩል፣ መተማ በእኛ በኩል ቀሩ። ሰዉ ግን መገበያየቱን አልተወም።

ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ከደጋ የመጡ ናቸው። ከደንቢያና ከጭልጋ በትዳርና በንግድ የወረዱ አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ከክልላችን ደጋማ ወረዳዎች በሰፈራ የመጡም አሉ። ጤፍ ለምደው መጥተው ማሽላ ጠበቃቸው። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መጋገርን፣ ሲገኝም ጤፍ መቀላቀልን ተማሩ። የሱዳን ሴቶች ያንኑ ማሽላ አቡክተው አሳድረው፣ በጣም ስስ አድርገው ይጋግሩትና ኪስራ ይሉታል። ገንፎ የምንለው ከእነሱ ዘንድ አሲዳ ነው። ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ወጥ ውስጥ ጨምሮ ማወፈርም የእነሱ ሙያ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ሲገቡ፣ በምግብ በኩል እንግዳ አልሆንባቸውም።

ሌላው የሴቶች ታሪክ ያለው በሰሊጡ እርሻ ነው። ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳ ወቅት ከደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ያን ሁሉ ሰው የሚያበላው በአብዛኛው የሴት እጅ ነው። የሰሊጡ ኩንታል በነጋዴውም በጉምሩክም መዝገብ ይሰፍራል፤ የተጋገረው እንጀራ ግን የትም አልተጻፈም። የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዝ ሴቶች ይህን በየጊዜው እናየዋለን። አባሎቻችን ለብድር ሲመጡ ሥራቸውን ብንጠይቅ፣ «ሥራ እንኳ የለኝም፣ እንጀራ ነው የምሸጥ» ይላሉ። ዓመት ሙሉ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሙያ እንደ ሥራ ሳይቆጠር ቀርቷል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ለሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ እያንዳንዳችን ከእናታችን ወይም ከአያታችን ጠይቀን እንምጣ፦ ከየት መጡ? መቼ መጡ? እዚህ ሲደርሱ ምን መሥራት ለመዱ? ከማን ተማሩት? ከዚያ ጎን የዱቄቱን፣ የማገዶውንና የሰዓቱን ወጪ እንጽፋለን። ታሪኩ ለልጆቻችን ይቀመጣል፤ ሒሳቡ ደግሞ ብድር ስንጠይቅ ሥራ እንዳለን ያስረዳልናል።