የትኛው ድሮ? የአማርኛ አጻጻፍ ልማድ፣ ዕድሜና ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ አንድ ቅሬታ ነው። በዕድሜ የገፋ አንባቢ ጋዜጣ ሲገልጥ ንጉሡ ሠ በእሳቱ ሰ ተተክቶ፣ «ሕፃናት» የሚለው ቃል «ሕፃናቶች» ሆኖ ያያል፤ «አማርኛ ተበላሸ» ብሎም ጋዜጣውን ያጥፋል። ወጣቱ በበኩሉ «እስከተነበበ ድረስ ምን ጉዳት አለው?» ይላል። እኔ በዕድሜዬ ከመጀመሪያው ወገን የምቈጠር ነኝ፤ ፊደል የለየሁት ከየኔታ ፊት ተቀምጬ ነው። በሙያዬ ግን የታሪክ መምህር ነኝ። የታሪክ ሰው ደግሞ «ድሮ እንዲህ ነበር» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ «የትኛው ድሮ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ለዚህ ጥያቄ የደረስሁበትን መልስ ነው።

በመጀመሪያ እኛ የተማርነውን ላስታውስ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት የሚለየው በስማቸው ነበር፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሞቹ ራሳቸው የአጻጻፍ ትምህርት ናቸው፤ «እሳት» በየትኛው ሰ እንደሚጻፍ የፊደሉ መጠሪያ ይነግረናል። ከዚህ በስተጀርባም በግዕዝ እውነተኛ የትርጉም ልዩነት አለ። ሰአለ ማለት ለመነ ነው፤ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ ነው። ሐለየ ማለት ዘመረ ነው፤ ኀለየ ደግሞ ዐሰበ ነው፤ «ኅሊና» የሚለው ቃላችን የወጣው ከዚህ ከኋለኛው ነው። እንግዲህ ሽማግሌው አንባቢ የሚቈጨው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና ይህ ልዩነት ሳይነካ እስከ እኛ ልጅነት ድረስ ቈይቶ በእኛ እርጅና የፈረሰ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ የብራና መጻሕፍትን የመረመረ ሁሉ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በየገጹ ሲቀያየሩ ያውቃል። አንድ ጸሐፊ አንዱን ቃል በሁለት ዐይነት ሲጽፈው መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ድምፁ ከአፍ ከጠፋ በኋላ ፊደሉን ለይቶ መያዝ ለጆሮ የማይቻል፣ ለትዝታና ለትምህርት ብቻ የቀረ ሥራ ሆነ። «ማኅሌት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ዘመረ ከሚለው ከሐለየ የወጣ በመሆኑ በሐመሩ ሐ መጻፍ በተገባው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ግን በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ነው። ይህንንም የሚጽፉት ፊደል ጠንቅቀው የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ከሁሉ የሚበልጠውን ለውጥ እናገኛለን። የቀደሙት የግዕዝ ጽሑፎች ተነባቢውን ብቻ እንጂ አናባቢውን አያሳዩም ነበር። በ4ኛው ምእት ዓመት፣ በንጉሥ ዔዛና ዘመን፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንቈጥራቸው ሰባቱ ቅርጾች ብቅ አሉ። ቈይቶም አማርኛ ሲጻፍ በ26ቱ የግዕዝ ፊደላት ላይ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀና ጨ ተጨመሩና ፊደላችን 33 ሆነ፤ በሰባት ሲባዛም 231። የዔዛና ዘመን ሽማግሌ ጸሐፊዎች በአዲሶቹ ቅጥያዎች ምን ያህል እንዳዘኑ የጻፈልን የለም። ቢጽፉ ኖሮ ግን የዛሬውን ቅሬታ የሚመስል ነገር ባነበብን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ እኛው ዘመን ልመለስ። የአማርኛን አጻጻፍ በሃያኛው ምእት ዓመት የለወጠው ማን ነው? ብዙዎች ዐዋጅ ወይም ጉባኤ ይመስላቸዋል። መዝገቡ የሚያሳየው ሌላ ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ለመቀነስ በ1940ዎቹ ክርክር ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ጉዳዩን አጥንቶ ሐሳብ አቅርቦበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቀውን ፊደል በራሱ ላይ ነጥብ በማኖር ለይተው አሳይተዋል። ገና የሚባለው በዓልና ገና የሚባለው የጊዜ ቃል በአንድ ዐይነት ፊደል እንደሚጻፉ ስናስብ ሐሳቡ ምን ያህል ጠቃሚ እንደነበር እንረዳለን። መጽሐፉን ያላነበበ የተማረ ሰው ጥቂት ነው፤ ነጥቡን የተከተለ ጸሐፊ ግን ከዚያም ያንሳል። ዛሬም 231ዱ ፊደላት በየሕፃኑ ገበታ ላይ አሉ።

በአንጻሩ ማንም ሳያውጅ የመጣ ለውጥ አለ። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረውን የነጋሪት ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሞች ብትገልጡ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ታገኛላችሁ። ይህ ምልክት ከአክሱም ድንጋይ ጸሐፊዎች የቃል መለያ ጀምሮ የሚቈጠር ረጅም የዘር ሐረግ አለው። ዛሬ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ብርቅ ነው። ያስቀረው የጽሕፈት መኪናው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩና እርሳቸውን የተከተሉ ሰዎች ከ200 በላይ የሆነውን ቅርጽ በአርባ ጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር ብዙ ደክመዋል፤ ቅጥያዎቹን ከፊደሉ አካል ለይቶ በተጨማሪ ምት መቀጠል ግድ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ መሣሪያ ለሚሠራ ጸሐፊ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ መምታት ትርፍ ድካም ነው፤ ባዶ ቦታ መተው ይቀለዋል። እኔም በእጄ ስጽፍ ሁለት ነጥብ እያኖርሁ አድጌ፣ ዛሬ ባዶ ቦታ እተዋለሁ። የተውሁበትን ቀን ብትጠይቁኝ ልነግራችሁ አልችልም። ለውጥ በዕድሜ ውስጥ የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ የምንቃወመውን እንቈጥራለን፣ የተቀበልነውን ግን አናስተውልም።

ሁለት ነጥቡ ሲቀር የሰዋስው ጥያቄ ትቶልን ሄደ። «ስለ ሆነ» ሁለት ቃል ነው ወይስ አንድ? «ቤተ ክርስቲያን»ስ? ምልክቱ በነበረ ጊዜ ጸሐፊው በየቃሉ መጨረሻ እንዲወስን ይገደድ ነበር፤ ባዶው ቦታ ግን ሳይወስን እንዲያልፍ ይፈቅድለታል።

ሌሎቹንም የሰዋስው ለውጦች እንመልከት። የእኔ ትውልድ «ሄዶአል»፣ «ተደርጎአል» ብሎ ጽፏል፤ ዛሬ «ሄዷል»፣ «ተደርጓል» ይባላል። በዚህ ረገድ አጻጻፉ ወደ ንግግሩ ቀርቧል። ግን ወዲያው ተቃራኒውን እናገኛለን። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ ሥራ ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ «ያማርኛ» ብለው እንደሚነገረው ጻፉት። የዛሬው ወጣት «የአማርኛ» ይላል፤ ማለትም በንግግር የሚዋጠውን አ መልሶ ይጽፈዋል። «ኾነ» የሚለው የሊቃውንቱ አጻጻፍ ከግዕዙ «ኮነ» ጋር ያለውን ዝምድና ያሳይ ነበር፤ «ሆነ» ዝምድናውን ደብቆ የአፉን ድምፅ ያዘ። እንግዲህ ለውጡ አንድ አቅጣጫ የለውም፤ አንዱ ወደ አፍ ሲቀርብ ሌላው ከአፍ ይርቃል። «መበላሸት» የሚለው ቃል ግን ወደ ታች ብቻ የሚወርድ መንገድን ያመለክታል፤ ስለዚህ ያየነውን አይገልጸውም።

«ሕፃናቶች»፣ «አባላቶች» የሚለው ድርብ ብዙ ቍጥር ለብዙዎቻችን የጆሮ እሾኽ ነው። ክርክሩ ግልጽ ነው፤ «ሕፃናት» ብዙ ነው፣ ብዙን ማብዛት ከንቱ ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ራሱ «ነገሥታት» ይላል። በግዕዝ የንጉሥ ብዙ ቍጥር ነገሥት ነው፤ ነገሥታት የብዙው ብዙ ነው። ቀደምቶቻችን ያደረጉትን ማዕርግ ሰጥተን ተቀበልን፤ ልጆቻችን ያንኑ በአማርኛ ቅጥያ ሲያደርጉት ስሕተት አልነው። «ሕፃናቶች» ብላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቡልኝ ማለቴ አይደለም። በመደበኛ ጽሑፍ የዘመኑን ሥርዐት መጠበቅ ለአንባቢ የሚደረግ አክብሮት ነው። ሥርዐት ግን የዘመን ስምምነት እንጂ ከቋንቋው ጋር የተፈጠረ ባሕርይ አለመሆኑን ልናውቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ «ምን አገባን፣ ሁሉም እንዳሻው ይጻፍ» ወደሚል መደምደሚያ ይወስደናልን? አይወስደንም። እዚህ ላይ ወጣቶቹን ልጠይቅ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያው ፊደል ሁለት አማራጭ አለው። የመካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ በድምሩ 12 መንገድ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በዚሁ ስሌት 24 መልክ አለው፤ ሁለቱን ቃላት ማያያዝና መለያየት ከተጨመረ 48። ለሰው ዐይን ሁሉም አንድ ናቸው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ ዝምድናቸውን ያልተነገረው ኮምፒዩተር 48 የተለያዩ ስሞችን ያያል። አንድ ተማሪ ስለ አንድ የታሪክ ሰው በቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ «የተጻፈ የለም» ብሎ ሲመለስ፣ መጽሐፉ ግን በሌላ ሐ ተመዝግቦ መደርደሪያው ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። የማይፈለግ መጽሐፍ እንደተቃጠለ መጽሐፍ ነው።

ዋናው አደጋ እንግዲህ የፊደል መለወጥ አይደለም፤ በትውልዶች መካከል የማንበብ ድልድይ መሰበሩ ነው። ይህ በሌላ አገር በምን ፍጥነት ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ቱርክ በ1928 እ.ኤ.አ. የዐረብኛውን ፊደል በዐዋጅ ትታ የላቲኑን ያዘች፤ ቃላቷንም በዘመቻ ለወጠች። ሙስጠፋ ከማል በ1927 እ.ኤ.አ. ያደረገው ታላቅ ንግግር ለኋለኛው ትውልድ እንዲገባ በራሱ ቋንቋ እንደገና መጻፍ አስፈለገው። እኛ እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልወጣብንም። ድልድይ ግን በዐዋጅ ብቻ አይሰበርም፤ የሚሻገርበት ሰው ሲጠፋም ይፈርሳል።

የሚሻገር ሰው ሲኖር ምን እንደሚሆን አንድ መጽሐፍ ምስክር ነው። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የተባለውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የዕድሜያቸውን ብዙ ክፍል ሰጥተው አዘጋጁት፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላም ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አንድ ሥራ በሦስት ሰዎች እጅ አለፈ። ዛሬ ይህን መጽሐፍ የሚከፍት ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይመለሳል፤ ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነውና የሚፈልገውን አያገኝም። ተራውን ለመልመድ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ባለመልመዱ የሚያጣው የሦስት ሊቃውንትን ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስቤ ልጨርስ። በዕድሜ ለገፋን፤ የተማርነውን አጻጻፍ መያዝ መብታችን ነው፤ እኔም እይዘዋለሁ። ነገር ግን ለወጣቱ «ተሳስተሃል» ብለን ከማቆም ይልቅ ምክንያቱን እንንገረው። ሠዐለና ሰአለ የተለያዩበትን የሰማ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቢጽፍ፣ ዐውቆ ይጽፋል። ለወጣቶች ደግሞ፤ እንደ ዘመናችሁ ጻፉ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ስም በአንድ መልክ ብቻ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚፈልግ ሰው አለና። ለመጻፍ የማትጠቀሙበትን ፊደል ለማንበብ ተማሩት። የአያቶቻችሁን ደብዳቤ፣ የጋዜጣውን የቈየ እትም፣ የብራናውን ገጽ ያለ አስተርጓሚ ማንበብ ከቻላችሁ፣ የእናንተ አጻጻፍ ቢለወጥም የሚጠፋ ነገር የለም።

እናንተም ታረጃላችሁ። ያን ጊዜ ልጆቻችሁ ዛሬ «ትክክል» የምትሉትን አጻጻፍ ትተው ሌላ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ያን ቀን ከመቈጣታችሁ በፊት «የትኛው ድሮ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ቀጥሎም የምታውቁትን አስተምሯቸው።